ሸክም ያጎበጠው ወገብ፣ የተራቆተው ተራራ፦ የፊዚዮቴራፒ ሙያ ከአካባቢ ጥበቃ ጋር ምን ያገናኘዋል?

ጎህ ሳይቀድ ከቤቷ የወጣች እናት የማገዶ እንጨት ተሸክማ የምትመለሰው ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ ነው። ጀርባዋ ላይ የታሰረው ሸክም ብዙ ጊዜ ከ30 ኪሎ ግራም ያልፋል። ቀድሞ ከጓሮዋ ጥግ ትለቅመው የነበረው ጭራሮ ዛሬ የሰዓታት መንገድ ያስኬዳል። ተራራው በተራቆተ ቁጥር መንገዱ ይረዝማል፤ መንገዱ በረዘመ ቁጥር ወገቧ ይጎብጣል። እንጨቱ ቤት ደርሶ ሲነድ ደግሞ ጭሱ ወደ ሳንባዋ ይገባል። አንድ ቀን ሕመሙ ሲጸናባት ወደ ከተማ ሆስፒታል ታመራለች። የሚቀበላት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ የደነደነ ጡንቻዋን ያፍታታል፤ ወገቧን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ ያስተምራታል፤ «እናቴ፣ ከእንግዲህ ከባድ ዕቃ አይሸከሙ» ብሎ ይሸኛታል። እሷ ግን ጥቂት ቀናት ቆይታ ወደዚያው ተራራ ትመለሳለች። ማገዶ በሌለበት ቤት እንጀራ አይጋገርምና።

ይህ በብዙ የገጠር ቀበሌዎች የሚታይ የዕለት ተዕለት ኑሮ ነው። ሕክምናው የሚያርፈው ወገቧ ላይ ነው፤ የሕመሙ ምንጭ ግን ያለው ተራራው ላይ ነው። ተራራው ሳይታከም ወገቧ ሊድን ይችላልን? ይህ ጥያቄ ባለፉት ጥቂት ዓመታት በዓለም አቀፉ የፊዚዮቴራፒ ሙያ ውስጥ ጎልቶ መነሳት ጀምሯል። ሀገራችን እ.ኤ.አ በ2027 የሚካሄደውን 32ኛውን የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ለውጥ ጉባኤ እንድታስተናግድ በተመረጠችበት በዚህ ወቅት፣ ጥያቄው በሆስፒታል ግቢ ተወስኖ የሚቀር አይደለም። አርሶ አደሩንም፣ የከተማ ነዋሪውንም፣ የግብርናና የጤና ባለሙያውንም ይመለከታል።

ሙያው ከሆስፒታል አጥር ውጭ ሲመለከት

ፊዚዮቴራፒ የሰውን የመንቀሳቀስ አቅም የመጠበቅና የመመለስ ሙያ ነው። አጥንቱ ተሰብሮ የተጠገነ፣ ስትሮክ ገጥሞት ግማሽ አካሉ የደከመ፣ እግሩን በአደጋ ያጣ፣ ወገቡንና ጉልበቱን የሚያመው ሰው ወደዚህ ሕክምና ይመጣል። የባለሙያው ዋነኛ መሣሪያዎች እጁ፣ ዕውቀቱና የታካሚው የራሱ እንቅስቃሴ ናቸው።

የሙያው ተፈላጊነት ከፍተኛ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው በዓለም ላይ 2 ነጥብ 4 ቢሊዮን ገደማ ሰዎች የተሐድሶ ሕክምና ቢያገኙ የሚጠቀሙበት የጤና ችግር አለባቸው። ከእነዚህ ችግሮች ቀዳሚው የወገብ ሕመም ሲሆን፣ እ.ኤ.አ በ2020 ብቻ 619 ሚሊዮን ሰዎች ከዚህ ሕመም ጋር ይኖሩ እንደነበር የድርጅቱ መረጃ ያሳያል። በየዓመቱ ጳጉሜን 3 ቀን የሚከበረው የዓለም የፊዚዮቴራፒ ቀንም በ2016 ዓ.ም ትኩረቱን በዚሁ በወገብ ሕመም ላይ አድርጎ ነበር።

የኢትዮጵያን ጨምሮ የልዩ ልዩ ሀገራት የሙያ ማኅበራትን ያቀፈው ዓለም አቀፉ የፊዚዮቴራፒ ድርጅት የአየር ንብረት ለውጥና ጤናን የተመለከተ የአቋም መግለጫ አውጥቷል። ከዚህም ሌላ በአካባቢና በፊዚዮቴራፒ ግንኙነት ላይ ብቻ የሚሠራ ዓለም አቀፍ የባለሙያዎች ማኅበር ተቋቁሞ፣ የፊዚዮቴራፒ ትምህርት ቤቶች የአካባቢ ጉዳይን በሥርዓተ ትምህርታቸው እንዲያካትቱ ጥሪ ሲያቀርብ ቆይቷል። የመከራከሪያቸው ፍሬ ነገር ግልጽ ነው። ሰው የሚንቀሳቀሰው በባዶ ሕዋ ላይ አይደለም፤ በመሬት ላይ ቆሞ፣ አየር እየተነፈሰ፣ ውኃ እየጠጣ፣ ምድር ያበቀለችውን እየበላ ነው። መሬቱ፣ አየሩ፣ ውኃውና ምግቡ ከታመሙ አካሉ ጤነኛ ሆኖ ሊቀጥል አይችልም።

ይህ ሐሳብ ከሩቅ የመጣ ቢመስልም ማስረጃው ቅርብ ነው። በክልሉ ደጋና ወይና ደጋ ቀበሌዎች አካባቢ በሰው አካል ላይ አሻራውን የሚያሳርፍባቸውን መንገዶች ማንም ሊያያቸው ይችላል።

ድርቅ፣ ጓያና የማይታዘዝ እግር

የመጀመሪያው መንገድ በድርቅ ዓመት የሚታየው ነው። ጓያ ድርቅንም ውኃ የሚቋጥር ጥቁር አፈርንም የሚቋቋም ሰብል ነው። ክረምቱ ሲወጣ በቀረው እርጥበት ይዘራል፤ ብዙ ወጪና ድካም አይጠይቅም፤ ሌላው ሰብል ሲከዳ እርሱ አይከዳም። ችግሩ የሚመጣው ጎተራው ባዶ ሆኖ ቤተሰቡ ለሳምንታትና ለወራት ጓያን ብቻ መመገብ ሲጀምር ነው። በጓያ ውስጥ ያለው መርዛማ ንጥረ ነገር እግርን የሚያዙ ነርቮችን ይጎዳል። እግር ይገተራል፣ ጉልበት ይተሳሰራል፣ ተረከዝ መሬት አልነካ ይላል። አንዳንዱ ያለ ምርኩዝ እያነከሰ ይሄዳል፤ ሌላው በአንድ፣ የባሰበትም በሁለት ምርኩዝ ይንቀሳቀሳል፤ እጅግ የተጎዳው ይድሃል። አእምሮው ጤነኛ ነው፣ ዕድሜውም አያጥርም፤ እግሩ ግን ወደ ነበረበት አይመለስም።

እ.ኤ.አ በ1990ዎቹ አጋማሽ በወሎ በቀድሞው ደላንታ ዳውንት ወረዳ የደረሰው የጓያ በሽታ ወረርሽኝ የዚህ ምስክር ነው። ይበልጥ የተጎዱትም ለእርሻና ለቤተሰብ ድጋፍ የሚፈለጉ ወጣት ወንዶች ነበሩ። ለእነዚህ ሰዎች ፊዚዮቴራፒ የሚሰጠው ጥቅም ቀላል አይደለም። የተኮማተረ ጡንቻን ያሳስባል፣ ምርኩዝ በትክክል መያዝን ያስተምራል፣ ከመውደቅ ይጠብቃል። የተጎዳውን ነርቭ ግን አይመልስም። እውነተኛው መድኃኒት ያለው ከጉዳቱ በፊት ነው፤ ያም አርሶ አደሩ ከጓያ ሌላ አማራጭ እንዲኖረው ማድረግ ነው።

እዚህ ላይ የግብርናና የጤና ባለሙያው ሥራ አንድ ይሆናል። የጓያ መርዛማነት ሰብሉ በውኃ እጥረት ሲጨነቅ ይጨምራል። ስለዚህ የዝናብ መዛባት ሁለት ጊዜ ይጎዳል፤ ሌላውን ሰብል ያጠፋል፣ የተረፈውንም ይበልጥ መርዛማ ያደርጋል። መርዙ ዝቅተኛ የሆነ ዝርያ መጠቀም፣ ጓያን ከእህል ጋር ደባልቆ መመገብ፣ ዘፍዝፎ ውኃውን መድፋት አደጋውን የሚቀንሱ ዘዴዎች ናቸው። ከሁሉም በላይ ግን በመስኖ፣ በእርጥበት ዕቀባና በተፋሰስ ልማት ማሳን ከድርቅ መጠበቅ እግርን መጠበቅ ነው። እርከን የሠራ አርሶ አደር ሳያውቀው የልጁን እግር ከምርኩዝ እየጠበቀ ነው ማለት ይቻላል።

ባዶ እግርና ቀይ አፈር

ሁለተኛው መንገድ አፈር ነው። በሀገራችን በርከት ያለ ዝናብ በሚያገኙ፣ ከእሳተ ገሞራ አለት የተገኘ ቀይ አፈር በሞላባቸው ደጋማ ቦታዎች ለዓመታት በባዶ እግር መሄድ ፖዶኮኒዮሲስ የተባለውን የእግር እብጠት ያስከትላል። ሕዝቡ «ዝሆኔ» ብሎ ይጠራዋል። በኢትዮጵያ 1 ነጥብ 5 ሚሊዮን ገደማ ሰዎች በዚህ ሕመም እንደሚሠቃዩ ይገመታል፤ በክልላችንም ምሥራቅና ምዕራብ ጎጃም ሕመሙ በስፋት ከሚታይባቸው አካባቢዎች ይጠቀሳሉ።

በሽታው ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። እርግማንም አይደለም። ሆኖም ስለማይታወቅ ብዙዎች ከገበያ፣ ከማኅበር፣ ከሠርግ ተገልለዋል፤ ትዳር የፈረሰባቸውም አሉ። ሕክምናው ውድ መሣሪያ አይፈልግም። እግርን በሳሙናና በንጹሕ ውኃ በየዕለቱ መታጠብ፣ ቆዳን ማለስለስ፣ እግርን በፋሻ መጠቅለል፣ ከፍ አድርጎ ማሳረፍ፣ ቁርጭምጭሚትን ማንቀሳቀስና ጫማ ማድረግ እብጠቱን ይቀንሰዋል። ከእነዚህ መካከል ማንቀሳቀሱ፣ ማሰሩና ከፍ አድርጎ ማሳረፉ የፊዚዮቴራፒ ሙያ የዕለት ሥራ ነው። ነገር ግን ለመታጠቢያ የሚሆን ውኃ የሁለት ሰዓት መንገድ ከሆነ ምክሩ ወረቀት ላይ ይቀራል። የምንጭ ማጎልበት ሥራ የእግር ሕክምና አካል የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ጭስና ሳንባ፣ ሸክምና ወገብ

ሦስተኛው መንገድ ማዕድ ቤት ውስጥ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት መረጃ እንደሚያሳየው በዓለም 2 ነጥብ 1 ቢሊዮን ገደማ ሰዎች ዛሬም የሚያበስሉት በእንጨት፣ በከሰል፣ በኩበትና መሰል ማገዶ ነው። በቤት ውስጥ አየር ብክለት ምክንያት እ.ኤ.አ በ2020 ብቻ 3 ነጥብ 2 ሚሊዮን ሰዎች ሕይወታቸውን እንዳጡ ድርጅቱ ይገምታል። ጭሱ ከሚያስከትላቸው ሕመሞች አንዱ የአየር ቧንቧን እያጠበበ ትንፋሽ የሚያሳጥረው ሥር የሰደደ የሳንባ በሽታ ነው። ሲጋራ በአፏ ነክታ የማታውቅ እናት የአጫሽ ሳንባ ይዛ ትገኛለች።

ለዚህ ሕመም ከሚሰጡ ሕክምናዎች አንዱ የሳንባ ተሐድሶ ነው። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው የአተነፋፈስ ዘዴ ያስተምራል፣ አክታ የሚወጣበትን መንገድ ያሳያል፣ እግርና ክንድ ደረጃ በደረጃ እንዲጠነክሩ ያደርጋል። ውጤቱ የተረጋገጠ ነው። ታካሚዋ ወደዚያው ጭስ ወደሞላበት ጎጆ ከተመለሰች ግን በጠዋት የተገኘው ትንፋሽ ማታ ይጠፋል። ኩበት ሲነድም ሌላ ጉዳት አለ፤ ወደ ማሳ ተመልሶ አፈርን ማዳበር የነበረበት ፍግ አመድ ሆኖ ይቀራል።

አራተኛው መንገድ ሸክም ነው። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውኃ ሲሞላ ከ20 ኪሎ ግራም በላይ ይመዝናል። ምንጩ በራቀ፣ ደኑ በሸሸ ቁጥር ሸክሙ የሚያርፈው በሴቶችና በልጃገረዶች ጀርባ ላይ ነው። የእርሻ ሥራውም የራሱ ጫና አለው። ጎንበስ ብሎ በማጭድ ማጨድ፣ ማረም፣ በመስመር መዝራት፣ አጭር እጀታ ባለው መሣሪያ መቆፈር ወገብን ለረጅም ሰዓት አጉብጦ ያቆያል። በየዓመቱ በበጋ ወራት የሚካሄደው የተፋሰስ ልማት ዘመቻ ሳይቀር የራሱን ጥያቄ ያስነሳል። ድንጋይ ማንሳት፣ አፈር መዛቅ፣ እርከን መካብ መሬትን ያድናል፤ አነሳሱን ለማያውቅ ሰው ግን ወገብን ሊጎዳ ይችላል። መሬትን ለማዳን የወጣ አርሶ አደር ወገቡን አጥቶ እንዳይመለስ ማሰብ ተገቢ ነው።

ከእነዚህ አራት መንገዶች የሚወጣው መደምደሚያ አንድ ነው። በብዙ ታካሚዎች ላይ የሚታየው ሕመም አካባቢው ሲጎዳ አብሮ የተጎዳ አካል ምልክት ነው። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ደግሞ ይህን ምልክት ቀድመው ከሚያዩ ሰዎች አንዱ ነው። ያየውን በታካሚው ካርድ ላይ ብቻ ጽፎ ከተወው፣ የሚያክመው ነገ ተመልሶ የሚመጣውን ሕመም ነው።

የሕክምና ክፍሉ የራሱ አሻራ

አካባቢን የሚመለከተው ጥያቄ ሁለተኛ ገጽታም አለው። ሕክምናው ራሱ አካባቢን አይጎዳምን? እ.ኤ.አ በ2019 «ሄልዝ ኬር ዊዝአውት ሃርም» የተባለው ዓለም አቀፍ ድርጅት ከአጋሩ ጋር ባወጣው ጥናት መሠረት የዓለም የጤናው ዘርፍ ከሚለቀቀው አጠቃላይ የሙቀት አማቂ ጋዝ 4 ነጥብ 4 በመቶ ያህሉን ይይዛል። ከዚህም ከግማሽ በላይ የሆነው የአሜሪካ፣ የቻይናና የአውሮፓ ኅብረት ሀገራት ድርሻ ነው።

ስለዚህ «እኛ ያልበከልነውን ለምን እንጨነቅበታለን?» የሚል ጥያቄ ቢነሳ ምክንያታዊ ነው። በመብራት እጥረት የሚቸገር የገጠር ሆስፒታል የካርቦን ልቀቱን እንዲቀንስ መጠየቅ ፍትሐዊ አይሆንም። የሀገራችን የኤሌክትሪክ ኃይልም በአብዛኛው ከውኃ የሚመነጭ ነው። ፊዚዮቴራፒ ደግሞ ከሌሎች የሕክምና ዘርፎች አንጻር ጥቂት መድኃኒት፣ ጥቂት መሣሪያና ጥቂት ኃይል የሚጠቀም ሙያ ነው። በዚህ ረገድ በሀገራችን ያለው አሠራር ለሌላው አርአያ ሊሆን የሚችል ነው።

በሀገራችን ትርጉም የሚኖረው ጉዳይ ብክነትና ርቀት ነው። ከውጭ የመጣ ተሽከርካሪ ወንበር አንድ ጎማው ሲበላሽ መለዋወጫ ጠፍቶ ጥግ ላይ ይጣላል። በለስላሳ አስፋልት ላይ እንዲሄድ የተሠራ ወንበር በኮረኮንች መንገድ ላይ ብዙ አይቆይም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ በ2008 ባወጣው መመሪያ ተሽከርካሪ ወንበሮች ለተጠቃሚው አካባቢ የሚስማሙና በአካባቢው የሚጠገኑ እንዲሆኑ መክሯል። ይህ ምክር የአካባቢ ጥበቃም፣ የቁጠባም፣ የታካሚው ክብርም ጉዳይ ነው።

ለዚህ የሚሆን ችሎታ በሀገር ውስጥ አለ። ከአሮጌ ጎማ በረባሶ የሚሠራ እጅ ለክራንች ጫፍ የሚሆን ጎማ መቁረጥ አያቅተውም። ብስክሌት የሚጠግን ወጣት የተሽከርካሪ ወንበር ጎማ ይጠግናል። የአዊ ቀርከሃና የየጓሮው ባሕር ዛፍ ለምርኩዝና ለመለማመጃ አግዳሚ የሚሆን እንጨት ያቀርባሉ። ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ ሰው ሠራሽ እግር ለመሥራት ያስፋፋው የፖሊፕሮፒሊን ቴክኖሎጂም ዋጋው አነስተኛ፣ ቁሳቁሱም ቀልጦ ዳግም ጥቅም ላይ ሊውል የሚችል በመሆኑ ተመራጭ ሆኗል። ልጅ አድጎ የጠበበው ክራንች፣ ታካሚ ድኖ የተወው ምርኩዝ ተመልሶ፣ ጸድቶና ተጠግኖ ለሌላ ቢሰጥ ወጪም ብክነትም ይቀንሳል።

የርቀት ጉዳይ ይበልጥ ከባድ ነው። ፊዚዮቴራፒ አንድ ጊዜ ታይቶ የሚያበቃ ሕክምና አይደለም፤ ለሳምንታት መመላለስ ይጠይቃል። ከገጠር ወደ ከተማ የሚመላለስ ታካሚ ለትራንስፖርትና ለማደሪያ በግ ወይም እህል ይሸጣል። ብዙዎች በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀጠሮ ያቋርጣሉ። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ፊዚዮቴራፒን በዲግሪ ደረጃ ከማስተማሩ ጎን ለጎን የሚያካሂደው ማኅበረሰብ አቀፍ የተሐድሶ ሥራ ለዚህ መፍትሔ ማሳያ ነው። አገልግሎቱን ወደ ታካሚው ቤት ማስጠጋት የነዳጅ ወጪን ይቀንሳል። ባለሙያውም የታካሚውን ምድጃ፣ የውኃ ምንጭና የእርሻ መሣሪያ በዓይኑ እንዲያይ ዕድል ይሰጠዋል። በሆስፒታል አልጋ ላይ የማይታየው የሕመም ምንጭ የሚታየው በታካሚው ቤት ነው።

የከተማው ገጽታ

በከተማ ያለው ችግር በተቃራኒው ይታያል። የገጠሩ ሰው አካል ከአቅሙ በላይ በመሥራት ሲጎዳ፣ የከተማው ሰው አካል ባለመንቀሳቀስ ይጎዳል። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው እ.ኤ.አ በ2022 ከዓለም አዋቂ ሕዝብ 31 በመቶው፣ ማለትም 1 ነጥብ 8 ቢሊዮን ያህሉ በቂ የአካል እንቅስቃሴ አያደርግም። ለአዋቂ ሰው የሚመከረው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ነው።

ባሕር ዳር ሜዳማ አቀማመጧ ለብስክሌት የተመቸ፣ በብስክሌትም ስሟ የሚነሳ ከተማ ናት። ከጊዜ ወደ ጊዜ ባጃጁና ሞተሩ መንገዱን ሲያጣብቡት ግን ለብስክሌተኛው የቀረው ቦታ አነሰ። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ለጉልበት ሕመምተኛ «በእግር ይሂዱ፣ ብስክሌት ይንዱ» ብሎ ሲመክር፣ መንገዱ አቧራና ጭስ የሞላበት ከሆነ ምክሩ ሌላ ሕመም ይጠራል። በከተሞች በኮሪደር ልማት የሚሠሩ የእግረኛና የብስክሌት መንገዶች ከውበታቸው ባሻገር የጤና ተቋማት መሆናቸውን ማስታወስ ያስፈልጋል። በዛፍ ጥላ የተሸፈነ የእግረኛ መንገድ በየቀኑ ያለ ወረፋና ያለ ክፍያ የሚያክም ክፍል ነው። በሱቅ ዕቃና በግንባታ አሸዋ የተዘጋ የእግረኛ መንገድ ደግሞ ምርኩዝ የያዘውን አረጋዊ ወደ መኪና መንገድ ይገፋዋል።

እንቅፋቶቹ

ይህ ሁሉ ቀላል ነው ማለት አይደለም። አንደኛ፣ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚገኙት በትልልቅ ከተሞች ሆስፒታሎች ነው። በር ላይ የተሰለፈውን ታካሚ አይቶ ለመጨረስ የሚጣደፍ ባለሙያ ስለ ምድጃና ስለ ምንጭ ለመጠየቅ ጊዜ አይኖረውም። ሁለተኛ፣ ግጭትና አደጋ የሚያደርሱት የአካል ጉዳት የተሐድሶ አገልግሎት ፍላጎትን ስለሚያበዛ መከላከል ወደ ኋላ ይገፋል። ሦስተኛ፣ ጤናው በአንድ ቢሮ፣ ግብርናው በሌላ፣ ውኃና ኢነርጂው በሦስተኛው ተከፋፍሎ የተቀመጠ ነው። የአንዲት እናት ወገብ ግን ቢሮ አይለይም።

አራተኛውና ከሁሉ የሚከብደው የድህነት ጉዳይ ነው። ከባድ ሸክም እንዳትሸከም የምትመከር ሴት አማራጭ ካልቀረበላት ምክሩ ወቀሳ ይሆንባታል። አካባቢን መጠበቅ በድሃው ትከሻ ላይ ተጨማሪ ሸክም እንዳይሆን ጥንቃቄ ይሻል። ለዚህም ነው የሙያው አዲስ አስተሳሰብ «ታካሚው ይለወጥ» ከማለት ይልቅ «ታካሚው የሚኖርበት ሁኔታ ይለወጥ» ወደሚለው ማዘንበል ያለበት።

ምን ሊደረግ ይችላል?

የሚያበረታታው ነገር መሬትን የሚጠቅሙ ብዙ ሥራዎች አካልንም የሚጠቅሙ መሆናቸው ነው። ምርጥ ምድጃ ለእንጀራ መጋገሪያ የሚውለውን ማገዶ እስከ ግማሽ ይቀንሳል። ማገዶው በግማሽ ሲቀንስ ደኑ ይተርፋል፣ ጭሱ ይቀንሳል፣ ሸክሙም ይቀልላል። ምድጃው ከፍ ባለ መደብ ላይ ሲተከል ደግሞ ጋጋሪዋ ወገቧን አታጎብጥም። አንድ ሥራ ለአራት ችግር መልስ ይሰጣል ማለት ነው።

በ2011 ዓ.ም በተጀመረው የአረንጓዴ አሻራ መርሐ ግብር የሚተከሉ ችግኞች ውስጥ ለማገዶ የሚሆኑት በቤት አቅራቢያ ቢተከሉ፣ ከዓመታት በኋላ የእናቶችን መንገድ ያሳጥራሉ። ችግኝ ሲመረጥ «ስንት ተተከለ?» ከሚለው ጥያቄ ጋር «የማንን ሸክም ያቀልላል?» የሚለውም ቢነሳ ጠቃሚ ነው።

በተፋሰስ ልማት ዘመቻ የመጀመሪያ ቀን የልማት ጣቢያ ሠራተኛው የእርከኑን ልክ ሲያሳይ የድንጋይ አነሳሱንም ቢያሳይ ብዙ ወገብ ይተርፋል። ዘዴው ረጅም ሥልጠና አይጠይቅም። ወገብን ሳይሆን ጉልበትን ማጠፍ፣ ጭነቱን ወደ ሰውነት ማስጠጋት፣ ተሸክሞ አለመጠማዘዝ፣ ከባዱን ድንጋይ ለሁለት ማንሳት፣ አፈርን በባሬላ ወይም በእጅ ጋሪ ማጓጓዝ፣ በየተወሰነ ሰዓት ቀና ብሎ ማረፍ በቂ ናቸው። የመቆፈሪያና የማረሚያ መሣሪያዎችን እጀታ ማስረዘምም አነስተኛ ወጪ የሚጠይቅ መፍትሔ ነው።

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ በየቀበሌው ሊኖር አይችልም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋና የልማት ጣቢያ ሠራተኛው ግን አሉ። ባለሙያው ያለውን ዕውቀት ለእነርሱ ቢያካፍል፣ እነርሱም የታዘቡትን ለእርሱ ቢያደርሱ ዕውቀቱ ከሆስፒታል ወደ ጎጆ ይደርሳል። በጤና ኤክስቴንሽን ቤት ለቤት ጉብኝት ላይ «ወገብዎን ያምዎታል? ማገዶና ውኃ ከየት ያመጣሉ?» የሚሉ ሁለት ጥያቄዎች ቢጨመሩ የትኛው መንደር ምንጭ፣ የትኛው ምድጃ፣ የትኛው የማገዶ ዛፍ እንደሚያስፈልገው የሚያሳይ መረጃ ይገኛል።

የትምህርት ተቋማትም ድርሻ አላቸው። የወደፊቱ ባለሙያ ስለ ጡንቻና አጥንት እንደሚማር ሁሉ ስለ ጓያ፣ ስለ ቀይ አፈር፣ ስለ ማገዶ ጭስና ስለ ሙቀት መጨመር በሚኖርበት ሀገር ምሳሌ ቢማር፣ ታካሚውን ከነኑሮው ማየት ይችላል። በግብርና ኮሌጅ የሚሠለጥነውም የእርሻ መሣሪያ በሰው አካል ላይ ስለሚያደርሰው ጫና ቢያውቅ ምክሩ ሙሉ ይሆናል።

ማጠቃለያ

የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ሁሉም ሰዎች ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ይህ መብት ከወረቀት ወርዶ ሲታይ ጭስ የሌለበት ማዕድ ቤት፣ ቅርብ የሆነ ምንጭ፣ በድርቅ ዓመትም ከጓያ ሌላ የሚበላ እህል፣ ለእግረኛ ክፍት የሆነ መንገድ ማለት ነው።

አባቶች «ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ» ይላሉ። የፊዚዮቴራፒ ሙያ ወደ አካባቢ ጥበቃ ፊቱን ማዞሩ ይህንኑ የቆየ ምክር በሙያ ቋንቋ መድገሙ ነው። ባለሙያው የወገብ ሕመም ካርድ ላይ ስለ ማገዶና ውኃ ርቀት አንድ መስመር ሲጨምር፣ የልማት ጣቢያ ሠራተኛው በእርከን ሥራ መሐል የአነሳስ ዘዴ ሲያሳይ፣ አባወራውም ሸክሙን ሲጋራ ለውጡ ይጀመራል። ያኔ ያቺ እናት ከሆስፒታል ወጥታ ወደ ቤቷ ስትመለስ የሚጠብቃት የትናንቱ ሸክም አይሆንም። ከጓሮዋ የበቀለ ዛፍ፣ ጭስ የማይበዛበት ምድጃና ቀና ብሎ የሚሄድ ወገብ ይኖራታል።